ለምንጫችን ዕቅድ ቦሌ የሰነበትኩባቸው ቀናት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ውሃ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እስኪ ቦሌን አውሪን» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም የማውቀው ሁሉ ይጠፋኛል፤ «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። «ይቺ ልጅ ከተማ ደርሳ ኮራች» መባል እንደጀመረ ስሰማ ጊዜ ደብተር ገዝቼ ጻፍኩት። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት። ቦሌን ያላያችሁ ሁሉ በእኔ ዓይን እዩት፤ ዓይኔ ከአፌ ይሻላል።

ለምን እንደተላክሁ ለማያውቅ ልንገር። ምንጫችንን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቶ፣ ውሃውን በቧንቧ እስከ መንደራችን ሊያወርድልን ያሰበ አንድ የእርዳታ ድርጅት አለ። ይህ ድርጅት ከአምስት ቀበሌ አንዳንድ ሰው ቦሌ ጠርቶ የፕሮጀክት አመራር ሊያስተምር ወሰነ። ትምህርቱ አራት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን እያንዳንዱ ሰው የቀበሌውን ዕቅድ ቆሞ ያስረዳል። ዕቅዱ የተሟላለት በታኅሣሥ ሥራ ይጀምራል፤ ያልተሟላለት ለከርሞ ይቆያል። ከእኛ ቀበሌ «ሴት ላኩ» ተባለ። የኮሚቴያችን ጸሐፊ በዚያው ሰሞን ወለደች፤ ከቀሩት ሴቶች ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ሱልጣን ቤታችን መጥተው እናቴን «ልጅሽን ስጪን» አሏት። እናቴ በክረምቱ ከወንዝ ውሃ አዝላ ስትወጣ ዳገቱ ላይ ተንሸራትታ ግራ እጇ ተሰብሮ ነበር፤ ያን ጊዜም ገና አልጠናላትም። ለሐጂ ወንበር ስትስብ በአንድ እጇ ነበር። እሱን አየሁና እምቢ ማለት አቃተኝ።

እሁድ

ቡታጅራ የደረስኩት ጎህ ሲቀድ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። መንገዱ አቧራ ነበር፤ ከፊታችን መኪና ባለፈ ቁጥር ዓለም ሁሉ ቢጫ ይሆንና ቀስ እያለ ይመለሳል። እንሰታችን እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ዓለም ገና የሚባለው ከተማ ስንደርስ አንድም የእንሰት ቅጠል አላየሁም፤ ያን ጊዜ ነው ከቤት መውጣቴ የገባኝ።

አውቶቡስ ተራ ላይ እትዬ ራህመት ቆመው ጠበቁኝ። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ካገባቸው ነጋዴ ጋር ገርጂ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። አይተውኝ አያውቁም፤ ግን ከሩቅ «ሙኒራ!» ብለው ጠሩኝ።

«እንዴት አወቁኝ?» አልኳቸው።

«እናትሽም እንደዚሁ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትሄደው» አሉኝ።

ከዚያ ውይይት በሚባል ታክሲ ተሳፈርን። ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር አለው፤ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይሄዳል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የባሰ መኪና አልተሠራም። እስከ መገናኛ ድረስ ወለሉን ብቻ አየሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ወለሉን ልትገዢው ነው እንዴ?» ሲሉኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ራህመት «ዋጋው አልተስማማትም» ብለው መለሱልኝ።

ገርጂ ከተማም ገጠርም ነው። ግማሽ የደረሱ የብሎኬት ቤቶች ቆመዋል፤ በቤትና በቤት መካከል የጤፍ ማሳ አለ፣ ሰዎች አጎንብሰው ያጭዳሉ። በሩ ጋ ስንደርስ ከራሳችን በላይ የሆነ ነገር ጮኸ። ቀና ስል አንድ ነጭ አውሮፕላን፣ መስኮቶቹ እስኪቆጠሩ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ጤፉ ውስጥ ሊያርፍ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። የሚያጭዱት ሰዎች ቀና እንኳ አላሉም።

«አትደንግጪ፤ የእኛ ሰፈር አውራ ዶሮ እሱ ነው» አሉ እትዬ ራህመት። «እሱ ሲጮህ ነው የምንነሣው።»

ማታ ቆጮ አቀረቡልኝ። ከአገር ሰው ልኮላቸው ለእኔ ብለው አስቀምጠውት ኖሯል። ከእኛው ቤት ቆጮ ትንሽ ይደርቃል፤ ቢሆንም አንድ ቁራሽ ሳላስቀር በላሁት። ከዚያ ሳሎን ሶፋ ላይ አነጠፉልኝ። ብርዱ ከእኛ አገር ብርድ ይብሳል፤ የባላቸውን ካፖርት ደረቡልኝ።

ሰኞ

እትዬ ራህመት የፕላስቲክ ጫማዬን አይተው የራሳቸውን ጥቁር የቆዳ ጫማ አወጡ። ሰፊ ነበር፤ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቀው አጠበቡልኝ። ከዚያ ከማሳው ዳር እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ድረስ ራሳቸው አደረሱኝ፤ በሩን አሳዩኝና ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

የድርጅቱ ቢሮ መኖሪያ ቤት የነበረ ቪላ ነው። አጥሩ ላይ ሐምራዊ አበባ ተንጠልጥሏል። በሩ ብረት ነው፣ ዝግ ነው፣ ማንም የለም። በእኛ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ከሩቅ ድምፁን ያሰማል፤ እኔ ድምፅ ከየት ላምጣ? ቆምኩ። መኪና መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ መኪናው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። እንደገና ቆምኩ። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ እስክትወጣ ከቆምኩ በኋላ ዘበኛው ብቅ አሉ።

«ሥራ ፈልገሽ ነው እህቴ? እዚህ ሠራተኛ አይቀጥሩም፤ ቢሮ ነው» አሉኝ።

ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው። አነበቡና ራሳቸውን ያዙ። «እንዴ! አንቺን እኮ ነው የሚጠብቁት! ይቺን አታዪያትም?» ብለው ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ነጭ ቁልፍ ተጫኑ፤ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ወፍ ጮኸ። ያን ያህል ጊዜ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

የአዳራሹ ወለል ጣውላ ነው። የእትዬ ራህመት ጫማ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ከበሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ስሜን ሳልናገር አስተዋወቀኝ። አሠልጣኛችን አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ጣታቸው በጠመኔ ሳይሆን በቀለም የቆሸሸ ሰው ናቸው። ከሌሎቹ አራት ሠልጣኞች መካከል አንዱ አቶ በቀለ ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ የመጡ ሊቀመንበር ናቸው፤ ድምፃቸው ለብቻው አዳራሹን ይሞላል። ስሜን ስናገር እኔው ራሴ አልሰማሁትም። አቶ በቀለ «የእናንተ ምንጭ እንደ አንቺ ድምፅ ከሆነ ጠብታም አይወጣው!» አሉ። ሳቁ ሲያባራ አቶ ግርማ «ምንጭ መጀመሪያ ሲወጣ እንዲህ ነው» ብለው አለፉ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይህ ነው፤ ለእናንተም ይጠቅማል። አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጨረሻውን ማየት ያስፈልጋል። አቶ ግርማ ዓይናችንን እንድንጨፍን አዘዙን። «ሥራው አልቋል። ምን ታያላችሁ? ምን ትሰማላችሁ?» አሉ። እኔ እናቴን አየሁ፤ በሁለት እጇ ከቧንቧ ውሃ እየቀዳች፣ ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቀች። ዓይኔን መግለጥ አልፈለግኩም ነበር። ከዚያ ያንን ያየነውን ወደ ኋላ እየበተንን፣ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ካርድ ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ አደረጉን። ድንጋይ መሰብሰብ፤ አሸዋ ማምጣት፤ ቦይ መቆፈር፤ ግንበኛውን ማሳደር። የቱ ከየቱ ይቀድማል? እስከ ማታ ካርድ ስናነሣና ስናስቀምጥ ዋልን። እኔ ያለ ድምፅ የሚሠራ ሥራ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

ለምሳ ፓስታ መጣ። እኛ አገር እንዲህ የሚረዝም ምግብ የለም። ሹካውን እንደሌሎቹ አዞርኩት፤ አንዱ ዘለላ አምልጦ አገጬ ላይ ተንጠለጠለ። አቶ በቀለ አዩኝ፤ ሊቀልዱ ነው ብዬ ስጠብቅ የራሳቸውን ፓስታ በማንኪያ ቆራርጠው «እኔም ባለፈው ጊዜ ከረባቴን ነው ያበላሁት» አሉኝ በለሆሳስ። ከዚያ ወዲህ አልፈራኋቸውም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሠሩን። በአንድ በኩል ሥራው፤ ቀጥሎ የሚፈጅበት ሳምንት፣ እሱም በቀለም ይሰመራል፤ በመጨረሻ «ማን» የሚል ዓምድ። የእኔ ሳምንቶች ቆንጆ ነበሩ፤ የገበያ ቀናችንንና ጁምዓን ቀንሼ ነው የሰመርኩት፤ አቶ ግርማም አመሰገኑኝ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ዓምድ መጡ። እኔ በአሥራ አንዱም ሥራ ፊት «ሁላችንም» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ድንጋዩን ማን ያሰባስባል?» አሉኝ።

«ሁላችንም።»

«አሸዋውንስ?»

«ሁላችንም።»

«አሸዋው ከመጣ በኋላ ዝናብ እንዳይወስደው ማን ይሸፍነዋል?»

«ሁላችንም» አልኩ፤ ግን ፊቴ እንደ ነደደ ይታወቀኛል።

ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። አምና በራሳችን አቅም ምንጩን ልንሠራ ተነሥተን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሴቱም ወንዱም ከወንዝ አሸዋ ተሸክመን ምንጩ አጠገብ ቆለልነው። ማታ ዝናብ መጣ። ጠዋት ስንሄድ አሸዋው የለም። ማንም አልሸፈነውም፤ እያንዳንዳችን ሌላው ይሸፍነዋል ብለን ነበር። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ሐጂ ሱልጣንም «የአላህ ነው» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ። ያን ለአቶ ግርማ መናገር ቀበሌያችንን ማጋለጥ መሰለኝ።

«ሙኒራ» አሉ አቶ ግርማ፣ «በዚህ ዓምድ ውስጥ ስም ከሌለ ዕቅዱ አልተሟላም።»

እንዴት ላስረዳቸው? እኛ አገር አንድን ሰው ለይቶ «ይህ ያንተ ነው» ማለት ሰውየውን ማመን ሳይሆን መጠርጠር ነው። ደግሞ እኔ ማን ነኝና በአባቶቻችን ስም ፊት ሥራ እጽፋለሁ? አቀርቅሬ ቀረሁ። የአቶ በቀለ ወረቀት ደግሞ ሌላ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች «በቀለ፣ በቀለ፣ በቀለ» ይላል።

«ቢታመሙስ?» አሏቸው አቶ ግርማ።

«አልታመምም!»

«ሲሚንቶ የሚጭኑትም እርስዎ፣ በዚያው ቀን ቦይ የሚቆፍሩትም እርስዎ?»

«እንግዲህ ግማሹን በጠዋት...» አሉና ራሳቸውም ሳቁ። ሁለታችንም ወረቀታችንን ይዘን ወጣን፤ የእሳቸው በአንድ ሰው ተጨናንቆ፣ የእኔ አንድም ሰው የሌለበት።

ወደ ገርጂ በማሳው ዳር ብቻዬን ተመለስኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል መብራቶች አንድ በአንድ በሩ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ መሬት ላይ የወደቁ ኮከቦች ይመስላሉ። ከማዶ በቡልቡላ በኩል ከብቶች ወደ በረት ሲገቡ ይሰማል። ቆሜ ብዙ አየሁ። ሕልም ውስጥ ሆኖ ሕልም መሆኑን እንደማወቅ ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ልብን ያስጨንቃል። ከነገ ወዲያ ባዶ ዓምድ ይዤ ልቆም ነው።

ረቡዕ

ስነቃ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። በር ከፈትኩ፤ ሰፈሩ የለም። ጭስ ብቻ ነው፤ ፀሐይ በውስጡ እንደ ቀይ ብርቱካን ተንጠልጥላለች፤ አውሮፕላን ከላይ ይሰማል፣ አይታይም። የግቢው በር ላይ እሳት እየነደደ ነው። ቤቱ ሊቃጠል ነው ብዬ ባልዲ ሙሉ ውሃ አነሣሁና ሮጬ ደፋሁበት።

«ኧረ ልጄ!» እትዬ ራህመት ከኋላዬ ቆመው በሳቅ ፍርስ አሉ። «ዛሬ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው! አዲስ አበባ ቆሻሻዋን አቃጥላ የምትታጠንበት ቀን ነው!»

ከማዶ ያሉ ጎረቤት፣ እማማ አስካለ የሚባሉ አዛውንት፣ በጭሱ ውስጥ ሆነው «ራህመት፣ እሳት አደጋ ከገጠር አስመጣሽ እንዴ?» አሉ።

እኛ አገር ይህ የለም። በዚህች ቀን ከተማው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በሽታ እንዲርቅ ብሎ በየደጁ ያለውን ጥራጊ ሰብስቦ ያቃጥላል። ያጠፋሁትን እሳት ከእትዬ ራህመት ጋር እንደገና አቀጣጠልን። ጭሱ ትንሽ ሲገለጥ መንገዱን አየሁት። በእያንዳንዱ በር ላይ አንዳንድ እሳት፣ በእያንዳንዱ እሳት አጠገብ አንዳንድ ሰው፣ በእጁ እንጨት ይዞ እየቆሰቆሰ ቆሟል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሁሉም የራሱን ያውቃል። መንገዱ እስከሚጠፋበት ድረስ እንዲሁ ነው።

ከመታጠፊያው ላይ፣ በሁለት አጥር መካከል፣ አንድ ትልቅ የቆሻሻ ክምር ግን ሳይነድ ቁጭ ብሏል። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው።

«እትዬ፣ ያ የማን ነው?» አልኳቸው።

«ያ? የሁላችንም ነዋ» አሉ፤ «አምናም አልነደደም።»

እንጨቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ክምሩን ሳይ አሸዋችን ታየኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰነፍ አይደለም፤ ይኸው በየደጁ ቆሟል። እኛም ሰነፎች አልነበርንም። አሸዋውን የሚሸፍን ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው «በሩ» ነው። አሸዋው የማንም በር ላይ አልነበረም።

የዚያን ቀን ትምህርት ሊበላሽ ስለሚችል ነገር ነበር፤ አስቀድሞ አስቦ መፍትሔውን መያዝ። ልብሴ ጭስ ጭስ እየሸተተ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ማታ እትዬ ራህመት የምግብ ጠረጴዛውን ለቀቁልኝ፤ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስሞችን ግን መጻፍ አልቻልኩም። ሳልጠይቅ የሰው ስም መጻፍ ሳያስፈቅዱ በሰው በር ላይ እሳት ማንደድ ነው። ሳልጠይቅ ልጽፈው የምችለው አንድ ስም ብቻ አለ። እሱን ለመጻፍ ደግሞ ሁለት ሻይ ፈጀሁ።

ሐሙስ

ከእኔ በፊት አቶ በቀለ ቆሙ። ወረቀታቸው ላይ አሁን ሰባት ስም አለ፤ «ሚስቴንም አስገብቻታለሁ፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሚፈሩት» ብለው አሳቁን። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ወረቀቴን ለጠፍኩ። አንዱን ማዕዘን አቶ በቀለ ያዙልኝ። ዓይኔን ጣውላው ላይ ተክዬ የአሸዋውን ታሪክ ተናገርኩ፤ ሁለት ቀን የተሸከምነውን፣ አንድ ማታ የሄደውን። ድምፄ ስለማይሰማ ሁሉም ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«በአሥራ አንዱ ሥራ ፊት ስም የለም፤ ሰዎቹን ስላልጠየቅኩ ነው። ግን ከሁሉም በላይ አሥራ ሁለተኛ ሥራ ጨምሬያለሁ። በየቤቱ ዞሮ ሰውን መጠየቅ፣ ከዚያም ስሞቹን ሕዝብ ፊት ማንበብ። የእሱ ባለቤት ተጽፏል።»

በዓምዱ ውስጥ «ሙኒራ» ይላል።

አቶ ግርማ ወረቀቱን አዩ። «ሕዝብ ፊት ታነቢያለሽ?» አሉኝ።

«አነባለሁ» አልኩ። ይህን ስል ቀና ብዬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«እንግዲያው ዕቅድሽ ገና አልሞላም፤ ግን ተጀምሯል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንዱን ስም ከነፊርማቸው ከላክሽልኝ በታኅሣሥ ትገባላችሁ። ካልሆነ ለከርሞ ነው።»

አርብ

እትዬ ራህመት ጫማውን መልሼ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። «ሕዝብ ፊት ልትቆሚ አይደል? ድምፅሽ ባይሰማ እሱ ይሰማልሻል» አሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጭስ ውስጥ የሚያበራ አውሮፕላን አየሁ፤ ስነቃ የመጀመሪያው እንሰት በመስኮቱ አለፈ።

የቀረውን እናንተም ነበራችሁበት፤ ግን ልጻፈው። ቅዳሜ፣ እሁድና ሰኞ በየቤታችሁ ዞርኩ። አንዳንዶቻችሁ «ለምን እኔን ብቻ?» ብላችሁ ተቆጣችሁ፤ የቆሻሻውን ክምር ነገርኳችሁ፤ ፈረማችሁ፣ የማይጽፍ ጣቱን አሳረፈ። ሐጂ ሱልጣን ቤት በር ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። እሳቸውን ማዘዝ አልቻልኩም። ማክሰኞ ዝግባው ሥር ስትሰበሰቡ አሥር ስም ነበረኝ። አነበብኩ። ጫማዬ ሣር ላይ ድምፅ አልነበረውም፤ የእኔው ድምፅ ብቻ ነበር። የአሸዋው ጋ ስደርስ አለፍኩት።

ሐጂ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። «ልጄ፣ አንድ ሥራ ዘለልሽ።»

«አዎ አባባ።»

«የእኔ ስም የታለ?»

በወረቀቱ ላይ ባዶውን ቦታ አሳየኋቸው። ሁላችሁም ወደ እሳቸው ዞራችሁ።

«አምና በዚያ ማታ ዝናቡ ሲጀምር ነቅቼ ነበር» አሉ። «ቆርቆሮው ላይ ሰማሁት። አሸዋውንም አሰብኩት። 'አንዱ ይሄዳል' ብዬ ብርድ ልብሴን ሳብኩ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ቀለሙን አምጪው። አሸዋው የእኔ ነው።»

ወረቀቱን በማግስቱ ላክሁት። መልሱ መጥቷል፤ ሥራው በታኅሣሥ ይጀመራል። አሸዋው ከትናንት በስቲያ ምንጩ አጠገብ ተቆልሎ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ በላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ጊዜው ገና በጋ ነው፣ ዝናብም አይጠበቅም። ሐጂ ግን ከሰማዩ ዳር ቁራጭ ደመና ባዩ ቁጥር፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ከበራችን ይታዩኛል።